ቀዝቃዛ ሞተር አይዋሽም

ብላፍ፣ ኤፕሪል 9 ቀን 1996

ይድረስ ለልጃችን ለቲፔኔ፤

የሆኪያንጋ ወንዝ ልጅ፣ ተራራህና ውሃህ ባሉበት ሆነው ሰላም ይሉሃል። ጌታ የማዕድን ማውጫውን ሞተሮች ልትጠግን ከመሬት በታች ስትወርድም ስትወጣም ይጠብቅህ። እኔ ጉልበቴ ከሚያስቸግረኝ በቀር ደህና ነኝ። ጎረቤቴ ትናንት ለማን ልትጽፊ ነው ብላ ጠየቀችኝ። የባሌ የአጎት ልጅ፣ የእሱ የልጅ ልጅ ነው አልኳት። ታዲያ ይሄ ዘመድ ይባላል? አለች። ነጭ ናት፣ የእኛን የዘመድ ቆጠራ አታውቅም፣ አይፈረድባትም። ሥራ እስክትማር ድረስ ቤታችን እንዳደግህ፣ ወጥ ቤቴን በግሪስ እንደጨረስክ ብነግራት ይገባት ነበር።

ስለ አጎትህ ስለ ሩካ ግን ደህና ነው ብዬ አልዋሽህም። ያን የሥጋ ፋብሪካው ማቀዝቀዣ ቤት ያወረሰውን ሳል ታስታውሳለህ። ሐኪሙ የሳንባውን ፎቶ አይቶ፣ ክረምቱን የሚሻገር አይመስለኝም አለን። ሩካ ባርኔጣውን አጥልቆ፣ አመሰግናለሁ ብሎት ወጣ። የጎረቤት መኪና ውስጥ ገባን። ከዚያ “ሜሪያና፣ አገሬ ውሰጂኝ” አለኝ።

ለአንድ የእርድ ወቅት ብሎ ወደ ደቡብ የወረደ ሰው ይኸው እዚሁ ሸበተ። ርቆ የቆየ ሰው እሳቱ ይቀዘቅዛል፣ በአገሩ ያለው ቦታ ይጠፋበታል ይባል የለ? እሱን የሚበላው ይሄ ነው። እናቱ ስትሞት እንኳ ማዕበል ወደ ሰሜኑ ደሴት የሚያሻግረውን መርከብ አስቁሞበት ሳይደርስ ቀረ። አሁን የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፤ በአባቶቹ ግቢ በር በሕይወት፣ በገዛ እግሩ መግባት። ሬሳዬንማ ማንም ያስገባዋል ይላል።

አውሮፕላን ሐኪሙ ከልክሎታል። አውቶቡስ ላይ ቁጭ ብሎ መሄድ አይችልም፤ ጋደም ማለት አለበት፣ የኦክስጅኑ ሲሊንደርም አለ። ለዘመዶቹ ልንገር ስለው ተቆጣ። ከሰሙ አውቶቡስ ሙሉ ሆነው ወርደው ሳልሞት ያለቅሱኛል፣ ከዚያም እንደ ሻንጣ ጭነው ይወስዱኛል አለ። በራሱ መኪና፣ ከሚስቱ ጋር፣ የደቡብ ስጦታ ይዞ ነው መግባት የሚፈልገው። ስለዚህ ለማንም አትንገር። ስልክም አትደውል፤ ስልኩ ኮሪደሩ ላይ ነው፣ እሱ ደግሞ ከሳንባው በቀር ምንም አልደከመበትም፣ ሁሉን ይሰማል።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ወደ ኮረብታው በሚወስደው መንገድ ላይ አንዲት ቢጫ ቫን ለሽያጭ ቆማለች። ውስጧ አልጋ፣ የጋዝ ምድጃና መጋረጃ አላት። ባለቤቷ ኮሊን የሚባል ጡረተኛ ዓሣ አጥማጅ ነው፤ አራት ሺህ ዶላር ይላል። ያለን ከዚያ እምብዛም አይበልጥም። አንተ የሞተር ሰው ነህ። ምኗን ልይ? ምን ብዬ ልጠይቅ?

እናትህም አክስትህም የሆንኩ፣ ሜሪያና

*

ከካልጉርሊ በስተሰሜን፣ ኤፕሪል 21

ለተከበርሽው አክስቴ፤

ሰላምታዬ በረሃውንና ባሕሩን አቋርጦ ይድረስሽ። ደብዳቤሽን ከፈረቃ ወጥቼ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ከዚያ ተነስቼ ቀዩ አቧራ ላይ ስዞር ቆየሁ። ምን እንደምልሽ አላውቅም። ስለዚህ የማውቀውን ልጻፍልሽ።

ኮሊንን፣ እኔ ሳልመጣ እንዳታስነሳት በዪው። ስትደርሺ ከሰላምታም በፊት እጅሽን ኮፈኑ ላይ አሳርፊ። ሞቅ ካለሽ የሚደብቀው ነገር አለ። ይህን ያስተማረኝ ራሱ ሩካ ነው። የካቻቪቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮዬ ላይ አስደግፎ ድምፁን ያሰማኝና “ቀዝቃዛ ሞተር አይዋሽም፤ ከሞቀ በኋላማ ሁሉም ጨዋ ነው” ይለኝ ነበር።

ስትነሳ ከማርሚታው የሚወጣውን ጢስ እዪ። ነጭ ሆኖ አልጠፋ ካለ ውሃ ወደ ሞተሩ እየገባ ነው፤ ቴስታታው፣ የሞተሩ የላይ ክዳን፣ ሄዷል፤ ጥለሻት ሂጂ። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት ትበላለች። የዘይቱን ክዳን ፍቺና ከሥሩ ተመልከቺ፤ ቅቤ የመሰለ ነገር ከተለጠፈበት አሁንም ጥለሻት ሂጂ። ቺንጋው፣ የሞተሩ የውስጥ ቀበቶ፣ መቼ እንደተቀየረ ጠይቂ፤ እሱ መንገድ ላይ ከተበጠሰ ሞተሩ አለቀለት። ከባሕር ዳር መኪና ዝገት አይጠፋም፣ ከሥሯ መስታወት አስገብተሽ እዪ። አንቺ እንዳትተኚ፣ ተኝተሽ የምትነሺ አይመስለኝም።

ራሴ መጥቼ ባያት ደስ ይለኝ ነበር። እዚህ ግን እስከ ጁላይ ፈቃድ የሚባል ነገር የለም። ለሩካ ሰላም በዪልኝ። ስለ ሕመሙ እንደማውቅ አትንገሪው።

ልጅሽ ቲፔኔ

*

ብላፍ፣ ኤፕሪል 30

ለቲፔኔ፤

የሰማይ አባት ጤናህን አያጓድልብህ፣ ከምትቆፍሩት ጉድጓድም በሰላም ያውጣህ። እንዳልከኝ አደረግሁ። ኮሊን ቡና ልጋብዝሽ እያለ እኔ ቀጥ ብዬ ሄጄ ኮፈኑን ዳበስኩት። ለብ ብሏል። ዓይን ዓይኑን ሳየው ጆሮው ድረስ ቀላ። ጠዋት ሱቅ ሄጄባት ነበር አለ። ሱቁ ከቤቱ በር ፊት ለፊት ነው። እንግዲያውስ ነገ ተመልሼ እመጣለሁ አልኩት፣ በማግሥቱ ከሩካ ጋር ሄድን።

ቀዝቅዛ ስትነሳ ሰማያዊ ጢስ አወጣች። ብዙ አይደለም፣ ግን ሰማያዊ ነው። የዘይቱ ክዳን ንጹሕ ነው። ቺንጋው አምና መቀየሩን በደረሰኝ አሳየኝ። ዝገት አላት፤ እኔስ ብትሆን ይህን ያህል ዘመን ባሕር ዳር ኖሬ የለብኝም? ኮሊን አፍሮ ነው መሰለኝ አምስት መቶ ቀነሰ።

ሩካ ግን ምኗንም አልጠየቀ። የፊት ወንበሩ ላይ ወጥቶ ባርኔጣውን መስታወቱ ሥር አስቀመጠና ወደ መንገዱ ማየት ጀመረ። ሞተሩ ሁለቴ ተንተክትኮ ሲነሳ ሳቀ። “እሷም ትስላለች፣ እኔም እስላለሁ፤ እንግባባለን” አለኝ። እንዲህ ሲስቅ ካየሁት ቆይቷል።

ቲፔኔ፣ የምጠይቅህን በደንብ አንብበው። ይህች መኪና ለስንት ዓመት ትሆናለች ብዬ አልጠይቅህም። ለአንድ መንገድ ትሆናለች ወይ ነው የምልህ፤ ለመሄጃ ብቻ። መመለሻው የእኔ ጉዳይ ነው። ሐኪሙ እንደ አሁኑ ከሆነ መንገዱን ይችለዋል ብሏል። የሚመጣውን ወር ግን አላውቅም አለ። ቶሎ መልስልኝ።

ሜሪያና

*

ከካልጉርሊ በስተሰሜን፣ ሜይ 15

ለአክስቴ ለሜሪያና፤

ሰላምና ጤና ከቤትሽ አይራቅ። ስለዘገየሁ ይቅርታ አድርጊልኝ፤ ወደ ሌላ ጉድጓድ ልከውኝ ነበር፣ ደብዳቤሽ ሰፈር ሲጠብቀኝ ቆየ።

አክስቴ፣ ቢጫዋን አትግዢ። ዘይት የምትበላ ሞተር አልጋና ሰው ጭና ያን ሁሉ ዳገት ልትወጣ ነው። ደግሞም ክረምት እየገባ ነው። በሰሜኑ ደሴት መሃል ያለው ከፍታ ላይ በረዶ ሲጥል፣ ሰው በማያልፍበት መንገድ ብትቆምብሽ፣ ኦክስጅኑም ቢያልቅ ምን ታደርጊያለሽ? ዓይኔን በጨፈንኩ ቁጥር የሚታየኝ ይሄ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ክራይስትቸርች ያለ አብሮኝ የተማረ ጓደኛዬ ነጭ ቫን አግኝቶልናል። ከጃፓን የመጣ ናፍጣ ነው፤ ብዙ አልተነዳም፣ ሞተሩን ራሱ ፈትቶ አይቶታል፣ ካምቢዮውም እንደ ቅቤ ለስላሳ ነው ይላል። ዘጠኝ ሺህ ነው። የጎደለውን እኔ እሞላለሁ፣ ስለሱ ሐሳብ አይግባሽ። ችግሩ ባለቤቱ የሚለቀው በጁን መጨረሻ ነው። አንድ ወር ተኩል ታገሺኝ። ሩካ ለአሥር ዓመት የማያሳፍር ሞተር ላይ ተኝቶ ይግባ።

ስለ ፈቃዱ አሁንም ምንም የለም።

ቲፔኔ

*

ብላፍ፣ ሜይ 28

ለቲፔኔ፤

ጌታ ይባርክህ። ገንዘብህንም ልብህንም አውቀዋለሁና ስለ ሁለቱም አመሰግንሃለሁ።

ቢጫዋ ተሸጠች። አንድ አስተማሪ ከነሚስቱ ገዝቷት ሄደ። ደብዳቤህን ለሩካ አነበብኩለት። ስለ ሕመሙ የሚያወራውን ዘልዬው ነበር፤ “የዘለልሽውንም አንብቢው፣ እንደነገርሽው ካወቅሁ ቆየሁ” አለኝ። አነበብኩለት። ሰማኝና ልጁ ትክክል ነው፣ ሞተሩን ያውቃል፣ እኔ ነኝ ያስተማርኩት አለ። በማግሥቱ ቢጫዋ በመስኮታችን ሥር ስታልፍ ግን ተነስቶ ቆሞ፣ መታጠፊያው ላይ እስክትሰወር ድረስ አያት። ከዚያ ወዲህ መስኮቱ ጋ አልቆመም፤ መቆም እያቃተው ነው። አሁን እስከ አጥሩ በር እንኳ መሄድ ተስኖታል።

ለስጦታ ያሰብናቸው የታረዱ የባሕር ወፎች ከደቡብ ደሴቶች መጡልን። በጨው አሽቼ በባልዲ ከድኛቸዋለሁ። ባዶ እጃችንን አንገባም። ሩካ ባልዲውን አልጋው አጠገብ አስቀምጪልኝ ብሎ ቤቱ ሁሉ ወፍ ወፍ ይሸታል።

ልጄ፣ መጀመሪያ ምክር ጠየቅሁህ፣ ሰጠኸኝ። ገንዘብ ሳልጠይቅህ ሰጠኸኝ። አሁን የምጠይቅህ ሌላ ነው። አንተው ና። ነጩን ራስህ ክራይስትቸርች ተቀብለህ አምጣውና አንተ ንዳው፣ እኔ ከኋላ እጁን ይዤው ልቀመጥ። ሩካ ይህን ለምነው አላለኝም። ግን ፖስታ በመጣ ቁጥር የማን ነው ብሎ ይጠይቃል።

ሜሪያና

*

ከካልጉርሊ በስተሰሜን፣ ጁን 11

ለአክስቴ፤

እግዚአብሔር ያበርታችሁ። ገንዘቡን ልኬያለሁ። ነጩን ጓደኛዬ ራሱ እስከ ብላፍ ይነዳልሻል። ዘይቱን ቀይሮ፣ አዲስ ባትሪ ገጥሞ ይሰጥሻል።

ለሩካ ይህን አንብቢለት። አጎቴ፣ ናፍጣ ስለሆነ ቁልፉን አዙራችሁ ቢጫው መብራት እስኪጠፋ ጠብቁ፣ ከዚያ አስነሱ። ቁልቁለት ላይ ፍሬን አታብዙ፣ በሁለተኛ ማርሽ ውረዱ፤ ይሄንንም አንተ ነህ ያስተማርከኝ። አክስቴ ስትነዳ አትጨቅጭቃት። እዚያ ስትደርሱም መኪናው ቆሞ እንዳይከርም። ቆሞ የከረመ ሞተር ከሚሮጠው ቀድሞ ይሞታል፤ በሳምንት አንዴ አስነስታችሁ እስኪሞቅ ተዉት።

ሌላ የምጽፈው ነበረኝ፣ ግን ፖስታ ወሳጁ መኪና እየጠበቀኝ ነው።

ቲፔኔ

*

ሆኪያንጋ፣ ጁላይ 14

ለቲፔኔ፤

ተራራህ ቆሟል፣ ወንዝህ ይፈሳል። ሰላምታውን በዚህ ልጨርሰው።

ዘመዶች በስልክ እንደነገሩህ አውቃለሁ። እንዴት እንደሆነ ግን ከእኔ መስማት አለብህ።

ነጩ ቫን እንዳልከው መጣ። ሩካን እኔና ጓደኛህ ተሸክመን አልጋው ላይ አስተኛነው። ሞተሩ ሲነሳ ጆሮውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ሰማና “ልጁ ጥሩ አድርጎ መርጧል” አለ። ይህን በጽሑፍ ላኪለት አለኝ፣ ይኸው ላክሁ። በማግሥቱ ጠዋት ወጣን። ባልዲውን እግሩ ሥር አድርጌ፣ ሲሊንደሩን ከአልጋው ጋር በገመድ አስሬ፣ እንዳልከው በሁለተኛ ማርሽ እየወረድኩ ነዳሁ። አልጨቀጨቀኝም። ይጨቅጭቀኝ ብዬ ሆን ብዬ አንዴ ማርሹን አንጫጫሁት፣ ዝም አለ።

በሁለተኛው ቀን ካይኩራ የምትባለውን የባሕር ዳር ከተማ ሳናልፍ፣ ባሕሩ በቀኜ በኩል ሲመጣ መጋረጃውን ግለጪልኝ አለ። መኪናውን አቁሜ ገለጥኩለት፣ እንደገና ተነሳን። ቲፔኔ፣ ያ ሞተር ድምፅ የለውም። ቢጫዋ ብትሆን እየተንተከተከች ምንም አታሰማኝም ነበር። በዚህኛው ግን እያንዳንዱን ሳል እሰማ ነበር። ሳሉ ሲቆምም ሰማሁ። ዳር ይዤ አቆምኩ፣ ሞተሩን አጠፋሁና ትንፋሹን ጠበቅሁ። ባሕሩ ብቻ ነበር የሚሰማው።

ከተማው ውስጥ ሐኪምም ፖሊስም ደግ ነበሩ። ዘመዶች ሰምተው እንምጣና እንውሰደው አሉ። አይሆንም አልኳቸው። በራሴ መኪና ከሚስቴ ጋር እገባለሁ ብሏል፤ ከዚህ ውስጥ የቀረልኝን ላድርግለት አልኩ። ፍራሹን አውጥተን የሬሳ ሣጥኑን በአልጋው ቦታ አስገባነው። ባልዲውን እግሩ ሥር መለስኩት።

ወደ ሰሜኑ ደሴት የሚያሻግረው መርከብ ወደብ ላይ ወረፋ ስንጠብቅ ከፊቴ ያለችው መኪና ቢጫ ናት። ኋላዋ ላይ ያለውን የተጣመመ መከላከያ አወቅሁት። አስተማሪው ወርዶ ሰላም አለኝ፤ የብላፍ ሴት መሆኔን ሲሰማ ደስ አለው። እንዴት ናት መኪናዋ? አልኩት። ምንም ሳታስቸግረን እስከ ሰሜን ጫፍ ደርሰን ተመለስን፣ አሁን ለሁለተኛ ጊዜ እየሄድን ነው አለኝ። “ዘይት ትጠጣለች እንጂ። አንድ ጋሎን ዘይት ከኋላ ይዘን ጠዋት ጠዋት እንጨምርላታለን” አለ። እሱ ምን ያውቃል። የእኔን ፊት ሲያይ ግን ደነገጠና ምን ሆንሽ አለኝ። ቁርጥማት ነው አልኩት።

መርከቧ ሆድ ውስጥ መኪናችንን እንዳቆምን አንድ ወፍራም መርከበኛ ሁሉም ሰው ወደ ላይ ይውጣ፣ እዚህ መቀመጥ አይፈቀድም አለ። እኛ ደግሞ ሬሳ ብቻውን አንተውም፤ ከሞተበት ሰዓት እስከሚቀበር አንድ ሰው ከጎኑ አይታጣም። ነገርኩት። እመቤቴ ሕግ ነው አለኝ። “እንግዲያውስ እሱንም አብራችሁ ወደ ላይ አውጡልኝ” አልኩት። በሩን ከፍቶ ሣጥኑን አየ። ኮፍያውን አወለቀ፣ ሄደና የላስቲክ ወንበር ይዞ ተመለሰ። እኔ አንቺን አላየሁሽም ብሎኝ መብራቱን ሳያጠፋ ወጣ። ነጩና ቢጫዋ ጎን ለጎን ነበሩ። ባሕሩ እስኪያልቅ ሁለቱን እያየሁ ተቀመጥኩ።

አልወቅስህም ብዬ ልጽፍልህ ነበር። ውሸት ነው። በዚያ ወንበር ላይ ወቀስኩህ፣ በበረዶው ከፍታ ላይ ስነዳም ወቀስኩህ፤ ያ ሞተር ደግሞ አንዴም እንኳ ሳይንገራገጭ ዳገቱን ሲወጣ እሱንም ረገምኩት። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ስለ ሞተሩ አልተሳሳትህም፣ ቀኑን ነው ያልቆጠርከው። እኔም አንዴ ብቻ ለምኜህ ዝም አልኩ፤ ኮሊን ደጅ ሄጄ ገንዘቡን መቁጠር እችል ነበር።

የአባቶቹ ግቢ በር ላይ ስደርስ የአገሩ ሴቶች እንደ ወጋችን በዜማ ጠሩት። አሮጊቷ እህቱ ኬሬኒ፣ ሁለት ሰው ደግፏት፣ የሞተን እንደ ሕያው ማናገር ልማዳችን ነውና፣ ፊት ለፊት እሱን አናገረችው። “አንተ ልጅ፣ ምነው እንዲህ ቆየህ? እሳትህን እኮ እኔ ነበርኩ የማነደው” አለችው። ያን ሁሉ ዘመን ቀዝቅዟል ብሎ የፈራው እሳት ሳይቀዘቅዝ ኖሯል። ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት። እስከዚያ ድረስ የምነዳ ሰው ነበርኩ።

ሬሳው አጠገብ ለሚጠብቁት ከተነጠፉት ፍራሾች አንዱን ላንተ ያዝኩልህ። ሰው ሊቀመጥ ሲመጣ ሰው አለው እል ነበር። በሦስተኛው ቀን ለቀብር ስንነሳ ባዶውን አጠፍኩት። የባሕር ወፎቹን ሩካን ለቀበሩት አበላኋቸው። ጣፋጭ ነው ብለው አጥንቱን ሁሉ ጋጡት።

ሰው ስለሞተበት ቄሱ መኪናውን ባርከውታል፤ ግን የሚተኛበት ሰው የለም። ግቢው ዳር ቆሟል። ቅዳሜ ቅዳሜ፣ እንዳዘዝከው፣ አስነሳውና እስኪሞቅ መሪው ላይ ቁጭ እላለሁ። አለቃህን ፈቃድ ጠይቀኸው እንደማታውቅ አውቃለሁ ልጄ። ሩካም ያውቅ ነበር። “ተይው፤ ስሞት ማየት አልቻለም፣ ሌላ አይደለም” ብሎኛል። እንግዲህ የምትፈራው ነገር አልቋል። ና።

ሜሪያና

*

ከካልጉርሊ በስተሰሜን፣ ጁላይ 27

አክስቴ፤

የምጀምርበት ሰላምታ አጣሁ። ደብዳቤሽን ይዤ አለቃዬ ቢሮ ገባሁ። ነገርኩት። ወዲያው ፈቀደልኝ። “ቀደም ብለህ ለምን አልነገርከኝም?” አለኝ። 

አንድ ጋሎን ዘይት ያዢና ሂዱ ብዬ መጻፍ እችል ነበር። ሙያዬ ነው፣ ሞተሯ ለመንገዱ እንደሚበቃ ጠፍቶኝ አይደለም። መንገድ ላይ ብትቆምና በእኔ ምክር ቢሞት ብዬ ፈራሁ። እንድትጠብቂ ስነግርሽ ግን እሱም የእኔው ምክር እንደነበር አላሰብኩም። ሩካ ጥሩ መርጧል ያለው ቃል እስካሁን አላስተኛኝም።

የዛሬ ሁለት ሳምንት፣ ቅዳሜ፣ እደርሳለሁ። መጀመሪያ ወደ መቃብሩ ውሰጂኝ። ከዚያ የሩካን አሮጌ ካቻቪቴ ካለሽ ስጪኝና መኪናው አጠገብ ለብቻዬ ተዪኝ። ያን ቅዳሜ ሞተሩን አንቺ እንዳታስነሺው። ሳይሞቅ ልስማው።

ቲፔኔ